በ40 ፓውንድ የተገዛችው ዱላ

በየቤቱ «ይሄ ለምን አይጣልም?» የሚባል ዕቃ አይጠፋም። እጀታው በሽቦ የታሰረ መቀስ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ፣ የአያት ምርኩዝ። ልጆች ያረጀ ነገር ብቻ ይታያቸዋል፤ ባለቤቱ ግን ዕድሜውን ያይበታል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የስኑከር መምቻ ዱላ ነው። ነገሩ ከቤታችን የራቀ ይመስላል። ነገር ግን የአሮጌ ዕቃ ዋጋ የት ላይ እንደሆነ፣ ሲታደስም ምኑ መነካት እንደሌለበት በደንብ ያሳየናል።

ስኑከር ወጣቶቻችን በየሰፈሩ የሚጫወቱት የፑል ዘመድ ነው። ጠረጴዛው ግን በጣም ይተልቃል፤ ርዝመቱ 3.6፣ ወርዱ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ኳሶቹ ያንሳሉ፣ ኳስ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም ይጠባሉ። ስለዚህ የእጅ ትንሽ ስህተት እንኳ አይማርም። የጨዋታው መነሻ ሕንድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ጀባልፑር በተባለች ከተማ የነበሩ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች እንደ ጀመሩት ይነገራል።

ስቴፈን ሄንድሪ ለሚባል የስኮትላንድ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አባቱ ለገና ስጦታ ትንሽ የልጆች ስኑከር ጠረጴዛ ገዛለት። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። በኋላ እጁ የገባችው ዱላ ዋጋዋ 40 ፓውንድ ነበር። በላይዋ የተጻፈው ስም እንኳ የእሱ አልነበረም፤ የሬክስ ዊሊያምስ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች ስም ነው። በዚያች ዱላ ሄንድሪ በ21 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ባለው ጊዜም ዋንጫውን ሰባት ጊዜ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ዱላዋ በአውሮፕላን ተጭና ስትጓዝ ተሰብራ ደረሰች።

«ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ሌላ መግዛት ያቅተዋል?» ትሉ ይሆናል። ገንዘቡስ አያቅተውም። ችግሩ ዱላዋ ላይ ያለው ሁሉ በገንዘብ አለመገኘቱ ነው።

የስኑከር ዱላ ቁመቷ 145 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ፊተኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አሽ ከሚባል ዛፍ ይሠራል። መያዣው ላይ ኢቦኒ የሚባል ጥቁርና ከባድ እንጨት ይጋጠምበታል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲሆን ነው። የአሽ እንጨት ሥሮቹ በጫፉ በኩል የቀስት ቅርጽ እየሠሩ ይታያሉ። ተጫዋቹ ዱላውን ባነሣ ቁጥር ያንን ቀስት ወደ ላይ አዙሮ ይይዛል፤ በዚህም እንጨቱ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ይመታል። ዓመታት ሲያልፉ እጅ እንጨቱን፣ እንጨቱም እጅን ይለምዳል። ሁለት እንጨት ከአንድ ዛፍ ቢቆረጥ እንኳ ድምፁና ንዝረቱ አንድ አይሆንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ የገበያው ነው። አሮጌ ዱላ የሚሰበስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጥቁሩ እንጨት ከነጩ ጋር የተጋጠመበትን ቦታ ነው። በእጅ የተሠራ ከሆነ የመጋጠሚያው ጫፍ ክብ ያለና ትንሽ የተዛነፈ ነው፤ የማሽን ከሆነ ሹልና እኩል ይሆናል። ቀጥለው ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉታል፤ የጎበጠ ዱላ እየዘለለ ይንከባለላል። የሠሪውን ስምም ይመለከታሉ። የታዋቂ ተጫዋች ስም ስላለበት ብቻ ግን አይታለሉም፤ የሻምፒዮን ስም እየታተመበት በብዛት ለገበያ የወጣ ዱላ ሞልቷል።

ሁለተኛው ዋጋ የቤት ነው። ይህኛው የሚገኘው በታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ያለው በሰው አንደበት ነው።

አሁን ወደ ማደሱ እንምጣ። ጥሩ አዳሽ መጀመሪያ የሚያልቀውን ከማያልቀው ይለያል። የዱላው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ቆዳ ድሮውንም የተሠራችው ልታልቅ ነው። ይህችን ቆዳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስለመደው ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ስትሳሳ ትነሣለች፣ ሌላ ትለጠፋለች፤ ማንም አያዝንባትም። ከሥሯ ያለው የነሐስ ቀለበትም ከላላ ይቀየራል።

እንጨቱ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ጥፋት «አዲስ ላስመስለው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው። የተፋቀ እንጨት ይቀጥናል፤ የቀጠነ እንጨት ተመልሶ አይወፍርም። እጅ የለመደው ውፍረትና ሚዛን አብሮ ይሄዳል። እድፉ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል። ትንሽ የተጎዳጎደ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ለጥቂት ሰከንድ በትኩስ ማንኪያ ቢነካ እንጨቱ ራሱ አብጦ ጉድጓዱን ይሞላል። የጎበጠውን አቃናለሁ ብሎ መታገል ግን ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው፤ እንጨት ወደ ለመደው ይመለሳል።

በመጨረሻም እንጨቱ በተልባ ዘይት በስሱ ይታሻል፤ እንግሊዞቹም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ዱላው ደግሞ ግድግዳ ላይ በዘመም አይደገፍም፤ ይጎብጣል። ወይ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል፣ ወይ ተጋድሞ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ለቤታችን ዕቃም ይሠራል። የእናት የልብስ ስፌት መኪና ቺንጋው ካረጀ ይቀየር፣ መርፌውም ይቀየር። እጃቸው ያደበዘዘውን የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ግን ቀቢ አይንካው። የአያት ምርኩዝ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ሌላ ይግባበት። አውራ ጣታቸው የጎደጎደበትን እጀታ ግን አናጢው እንዳይልገውና ቫርኒሽ እንዳይቀባው አስቀድማችሁ ንገሩት። ያ ጉድጓድ አርባ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቺንጋ ነገም ይገኛል፤ ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ግን ነገ ላይገኝ ይችላል። ስንቱ ቤት ነው ከለቅሶ በኋላ ሣጥን ተከፍቶ «ይሄ የምን ነበር?» ተባብሎ ዝም የተባለው? ስለዚህ ወላጆች፣ ዕቃውን ወደ አዳሽ ከመውሰዳችሁ በፊት ልጆቻችሁን አያታቸው ዘንድ ውሰዱ። ከየት ተገዛ? በስንት? ያኔ ደመወዝዎ ስንት ነበር? ማን ሰበረው፣ ማንስ ጠገነው? ልጁ ይጻፈው ወይም በስልኩ ይቅረጸው። አያቶችም ብትሆኑ «ይሄ ምን ይወራል» አትበሉ። ለእናንተ ተራ የሆነው ነገር ለልጁ አዲስ ነው።

ሄንድሪ ዱላዋ ከተሰበረች በኋላ በሌላ ዱላ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የብሪቲሽ ኦፕንን፣ በ2005 ደግሞ የማልታ ዋንጫን አሸንፏል። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ግን ዳግም አላገኘም፤ ዕድሜም ነበር፣ አዳዲስ ወጣቶችም ነበሩ። ጥበቡ ድሮም በእንጨቷ ውስጥ አልነበረም። ያቺ ዱላ የያዘችው ከአባቱ የገና ስጦታ በኋላ የመጡትን ዓመታት ነው። እሱ በሕይወት ስላለ ነው ዛሬ 40 ፓውንዷን ጭምር የምናውቀው።

የእናንተስ ቤት ዱላ የትኛዋ ናት? ቅዳሜና እሑድ ቡና ሲፈላ ጠይቁ።

ቸር ሰንብቱ።