አሮጌውን ሥራ ስለ ማደስ

አሮጌ ሥራን ማደስ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዳሹ ጉድለት መስሎ የሚታየውን ሁሉ ለማጥፋት ቢቸኩል፥ ከጉድለቱ ጋራ ውበቱንም ያጠፋዋል። ለዚህም በአስፈሪነቱ የታወቀው ሳይለንት ሂል የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ምስክር ይሆነናል።

የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ የመጀመሪያውን ክፍል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ባወጣ ጊዜ፥ የዘመኑ መሣሪያ ሰፊ ከተማን አርቆ ለማሳየት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከተማውን በጉም ሸፈኑት። ተጫዋቹም ከጉሙ ወዲያ ያለውን ባለማየቱ ፍርሃቱ በረታ፤ የመሣሪያው ድካም ለጥበቡ ኃይል ሆነው። በ2001 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ፥ ከሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ደርሶት ሊፈልጋት የሚሄደውን የጄምስን ኀዘን በዚያው ጉም ውስጥ ተረከ።

ብሉበር ቲም የተባለው የፖላንድ ኩባንያ ይህንኑ ክፍል እንደ ገና ሠርቶ በ2024 ሲያወጣ፥ መሣሪያው አርቆ ማሳየት ይችል ነበር። ቢሆንም ጉሙን አልገፈፈውም፤ የዜማውንም ነገር ለቀድሞው ደራሲ ለአኪራ ያማኦካ ሰጠው። ዕይታውን ግን ለውጦ ከጄምስ ትከሻ በስተኋላ አደረገው። የሚለወጠውን ከሚጠበቀው ለይቶ ማወቅ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የቀደሙ ሰዎችን ሥራ ለማደስ የተሾመ ሁሉ፥ መዶሻውን ከማንሣቱ አስቀድሞ «ይህ ጉድለት ምን ያገለግል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ችሎታ ስላለ ብቻ ጉሙን መግፈፍ ማደስ አይደለም፤ ማፍረስ ነው።