ሌንሱ አሮጌ ነው፤ ወሎ ግን አሮጌ አይደለችም

«አሮጌ ሌንስ ነፍስ አለው» የሚለው አባባል ፎቶ በሚያነሱ ወጣቶች ዘንድ እንደ ዳዊት እየተደገመ ነው። እኔ ደግሞ የለውም እላለሁ። ሌንስ ብርጭቆና ብረት ነው፤ ነፍስ ያለው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው። ጉዳዩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት። ሐይቅና አምባሰል ላይ ሲደርስ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

ጠቤ ከአሮጌው ሌንስ ጋር አይደለም። ከአዳፕተሩም ጋር አይደለም። እንዲያውም አዳፕተር በፎቶግራፍ ዕቃዎች መካከል ትሑቱ እሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ካሜራ ሌንሱ ከሚታሰርበት ቀለበት እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ ድረስ የተወሰነ ርቀት አለው። ባለ 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሆኑት የጥንት የላይካ ሌንሶች 28.8 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የመጣው የላይካ ኤም አካል 27.8 ነው። ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ። 1 ሚሊ ሜትር የምትወፍር የብረት ቀለበት መሐል ስትገባ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ሌንስ በዛሬ ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ላይ ይሠራል።

ያውም ትኩረት ማስተካከያው ሳይቋረጥ። በመመልከቻው መሐል ያለችው ትንሽ መስኮት አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ ታሳያለች፤ ሌንሱን ስታዞሩት ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፤ አንድ ሲሆኑ ትኩረቱ ያዘ ማለት ነው። የሌንሱ ጀርባ በካሜራው ውስጥ ያለውን ክንድ ስለሚገፋ ነው ይህ የሚሆነው። ያምራል፤ አልክድም።

ችግሩ የሚጀምረው «የገጠመ ሁሉ ይሠራል» ሲባል ነው። የመጀመሪያዎቹ የዜኒት ሌንሶችም 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ አላቸው። በዚያችው ቀጭን ቀለበት ላይካው ላይ ብትጠመዝዟቸው ይገባሉ። ግን የተሠሩት 45.2 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንዲቀመጡ ስለሆነ የሚወጣው ምስል ጭጋግ ነው። ጥርሱ ተስማማ፣ ርቀቱ አልተስማማም። የአምባሰል ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፎ ነበር፤ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ውል። 17ኛው አንቀጽ ግን በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ነበር። የገጠመ መምሰልና መግጠም ለየቅል መሆናቸውን ያ ውል በደም አስተምሮናል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሄሊዮስ 44-2 ደግሞ ሌላ ነው። ጥርሱ 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈልገው ርቀት ወደ 45.5 ይጠጋል። በወፍራም አዳፕተር ላይካ ኤም ላይ ይታሰራል፤ የሬንጅፋይንደሩን ክንድ ግን አይገፋም። ስለዚህ ወይ ርቀቱን በዓይን ገምታችሁ በሌንሱ ቁጥር ትሞላላችሁ፣ ወይ ምስሉን በስክሪን የሚያሳይ አካል ይኖራችኋል። አዳፕተሩ ብርጭቆውን አሻገረ፤ ዕውቀቱን አላሻገረም። ዕውቀቱ የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ወደ «ነፍሱ» እንምጣ። የሄሊዮስ ነፍስ የሚባለው ምንድን ነው? ከሰውዬው ጀርባ ያለው ቅጠል እንደ አዙሪት መሽከርከሩ፣ ቀዳዳው እስከ 2 ሲከፈት ጠርዞቹ መለስለሳቸው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ጥቁሩ መገርጣቱ። እነዚህ የኦፕቲክስ ጉድለቶች ናቸው። ሄሊዮስ የጀርመኑን የዛይስ ቢዮታር ተከትሎ የተሠራ ነው፤ በሁለቱም አገር ያሉ መሐንዲሶች እነዚህን ጉድለቶች ለመቀነስ ሲታገሉ ነበር። ጉድለት መውደድ ነውር አይደለም። እኔም እወዳለሁ። ጉድለቱን «እውነተኛው ገጽታ» ብሎ ለሰው መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በወሎ ይህ ለምን ይከብዳል? ወሎ በሌሎች ሌንስ ከልክ በላይ ታይታለችና። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀረጸ። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። 10 ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984፣ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም የመሐመድ አሚን ካሜራ ያወጣው ምስል ዓለምን አዳረሰ። እነዚያ ምስሎች ሕይወት አትርፈዋል፤ ማንም አይክድም። ግን ደግሞ ወሎን በዓለም ዓይን አንድ ቀን ላይ ቸንክረው አስቀሩ። ቀኑ አለፈ፤ ምስሉ አላለፈም።

ታዲያ ዛሬ ካሜራው በእኛ እጅ ሲገባ ምን እናደርጋለን? ሐይቅ ገበያ የቆሙ እናት እጃቸው ላይ ስልክ አለ፤ ፎቶው ላይ ግን የለም። ባጃጁ ከፍሬሙ እንዲወጣ ተጠብቋል፤ የመብራት ምሰሶው ተቆርጧል። ቀሪው በአሮጌ ሌንስ ልስላሴና በቡናማ ቀለም ተሸፍኖ «ትዝታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። እናትየው ትዝታ አይደሉም። የዛሬ ገበያተኛ ናቸው፤ የጤፍ ዋጋ ያሳስባቸዋል፤ ልጃቸው ደውሎላቸው ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሐይቅና በአምባሰል በኩል አልፏል። ከዚያ ወዲህ የተለሰነውን ግድግዳ፣ አዲሱን ቆርቆሮ፣ እንደገና የተከፈተውን ሱቅ እንደ ጥንት አደብዝዞ የሚያነሳ ሰው ምን መሰከረ? የውጭ ሰው በረሃብ ቀን ላይ አቆመን ብለን እናማርራለን፤ እኛ በራሳችን እጅ ጥንት ላይ እናቆማቸዋለን።

«ሥልት ነው፤ ሰዓሊስ ቀለም አይመርጥም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይመርጣል። ግን ሰዓሊው የሣለው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ፎቶ «እዚያ ነበርኩ፣ ይህን አየሁ» የሚል ምስክር ነው፤ ምስክር ቀኑን አይቀይርም። «አዲስ ሌንስ መግዛት አንችልም» የሚለው ክርክር ደግሞ ከልቤ ይገባኛል። ላይካ ኤም 11 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ አካሉ ብቻ ወደ 9 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ያገለገለ ሚረርለስ ካሜራ፣ ከአጎት ሻንጣ የወጣ ዜኒትና ርካሽ አዳፕተር ይዞ የሚሠራ ልጅ ጀግና ነው። እሱን አልነካም። ለእሱ አዳፕተሩ በር ነው። እኔ የምቃወመው በሩን መጋረጃ ያደረገውን ነው።

ሌንስ እዚያው ሐይቅ ላይ ሌላ ሥራ ሠርቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማስቀረት በተጀመረው ሥራ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል ተነሥቶ ቁጥር 1832 ሆኖ ተመዝግቧል። ያ ሌንስ ራሱን አላሳየም። አዙሪት የለ፣ ልስላሴ የለ፤ ፊደሉ ይነበብ ብቻ ነበር ትዕዛዙ። ዛሬ ባሕር ማዶ ያለ ተማሪ ያንን ወንጌል የሚያነበው ሌንሱ ዝም ስላለ ነው። የ700 ዓመት ዕድሜ ያለው ነገር ጥንታዊ እንዲመስል ማንም አላስጌጠውም፤ አላስፈለገውም።

ስለዚህ አሮጌውን ሌንስ እሰሩ። ቀዳዳውን ወደ 5.6 ወይም 8 አጥብቡት፤ ያ ሄሊዮስ ምን ያህል ጥርት አድርጎ እንደሚያይ ትገረማላችሁ። ጠዋት የሐይቁ ውኃ ብርሃን ሲመልስ የሌንስ ጥላ አድርጉለት፤ የጥንት ሽፋን ነጸብራቅ አይችልም። ባጃጁን አትቁረጡት። ሰውየውን ስሙን ጠይቁት፤ ከፈቀደ ከቀኑ ጋር ጻፉት። አሮጌው ሌንስ የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ራሱ አያተኩርም፤ ርቀቱን እናንተ ማወቅ አለባችሁ፤ ርቀቱን ለማወቅ ደግሞ ወደ ሰው መጠጋት ያስፈልጋል።

አምባሰል የቅኝት ስም ጭምር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ክራሩን በአምባሰል መቃኘት ይቻላል፤ የተቃኘ ክራር ግን ብቻውን አይዘፍንም። ዘፋኙ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ስለ ዛሬ ልቡም ነው የሚያዜመው። አዳፕተር መቃኛ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ታቀርባለች፤ የቀረውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ።