ጎተራው ውስጥ ስንት አለ?

አርሲ ውስጥ ሁሩታ ገበያ ላይ አንድን ገበሬ ጎተራህ ውስጥ ስንት ኩንታል ስንዴ አለ ብትሉት ሳያመነታ ይነግራችኋል። የቀደምት ሠዓሊዎቻችንን የዘይት ቀለም ሥዕሎች እናሰባስባለን፣ እንጠብቃለን የሚሉት ኃላፊዎችስ? ስንት አላችሁ ሲባሉ «ብዙ» ይላሉ። ብዙ ስንት ነው?

ከማን ተገዙ? በስንት? ዋጋውን ማን ገመተው? ስጦታ ከሆኑስ የስጦታው ደብዳቤ የት አለ? ቅርስ ይመዝገብ ያለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። መዝገቡን ያየ አለ?

ሠዓሊው አገኘሁ እንግዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት ፓሪስ ተምረው መጡ። ከሸራዎቻቸው ዛሬ ስንቱ ተርፏል? በማን እጅ? ቻይናዊው ሠዓሊ ሹ ቤይሆንግም የተማረው በዚያው ዘመን፣ እዚያው ፓሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሞተ፤ በዓመቱ ቤጂንግ ውስጥ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። ባለቤቱ ከሺህ በላይ ሥራዎቹን ለአገሯ አስረከበች። ቻይና ሀብታም ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ፤ ያኔ ምኗ ሀብታም ነበር?

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ከጀርመን ተመልሰው አዲስ አበባ መግባታቸውን አልክድም። ደስ ይላል። ግን ከውጭ የመጣውን በጭብጨባ ከተቀበልን፣ እዚሁ የቀረውን ማን ይቁጠረው? የእስክንድር ቦጎሲያንን እ.ኤ.አ. የ1964 ሥዕል ሰሜን ካሮላይና ያለ ሙዚየም ያሳያችኋል፤ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ መጠኑ ተጽፎ። እኛ ዘንድ ለሚገኙት ይህችን ሦስት መስመር መጻፍ ስንት በጀት ይፈልጋል?

አያያዙስ? የዘይት ቀለም ሰቅለው የሚረሱት ነገር አይደለም። ሸራው በእርጥበትና በድርቀት ይላላል፣ ይወጠራል፤ ያረጀው ቀለም አብሮት መሄድ ስለማይችል ይሰነጠቃል። የክፍሉን እርጥበት ማን ይለካል? አቧራውን በምን ያራግፉታል? በእርጥብ ጨርቅ እንዳይሆን ብቻ!

ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ነው። «የሕዝብ ሀብት» ከተባሉት ሸራዎች አንዱ እንኳ ለአርሲ ልጆች እንዲታይ ያንን መንገድ ወጥቷል? መጓጓዣው ያሰጋል ትላላችሁ። ይሁን። ዋናው ይቅር፤ ፎቶግራፉ ያለበት ዝርዝር ይምጣ። የሁሩታ የሥዕል መምህር ለተማሪዎቹ ገልጦ ያሳይ። ዝርዝሩ ተዘጋጅቷል? ካልተዘጋጀ፣ ነገ አንድ ሸራ ከመጋዘን ቢወጣ መጉደሉን በምን ታውቃላችሁ?