ዘሩን አትፍጩት

በየመዘምራን ክፍሎቻችን ማንም እንደ ስህተት የማይቆጥረው አንድ ልማድ ገብቷል። መዝሙር ይቀዳል፤ ቀረጻው ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ከዚያ አንዱ ይነሣና «ይህ ፋይል ከባድ ነው፣ ለመላክ አይመችም» ብሎ ወደ ትንሽ ኤምፒ3 ይለውጠዋል። እስከዚህ ድረስ ክፉ ነገር የለም። ክፋቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ዋናው ቀረጻ ይደመሰሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መዝሙር በዓለም ላይ ያለው በተጨመቀው ቅጂ ብቻ ነው።

እኔ ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ። «ትንሽ ነገር ነው» የሚለኝ ካለ በትዕግሥት ይስማኝ።

የሰሜን ተራሮች ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ገብሱ ሲገባ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ያስቀምጣል። የቀረውን ይፈጫል፣ ይቆላል፣ ይበላል፣ ይሸጣል። ክረምቱ ቢከፋ እንኳ ዘሩን መንካት የመጨረሻው የመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም የተፈጨ ገብስ ዳግም እንደማይበቅል ያውቃል። የተጨመቀ ፋይል ዱቄት ነው። ዱቄት ክፉ አይደለም፤ እንጀራችን ነው። ዘሩን ሁሉ ፈጭቶ «ዱቄቱ አለልኝ» ማለት ግን ሞኝነት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ይጻፋል፤ ግራና ቀኝ ስላለም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ ነው። የ5 ደቂቃ መዝሙር በዚህ መልክ 53 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ያው መዝሙር በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሆን ወደ 5 ሜጋባይት ይወርዳል፤ በ64 ሲሆን ደግሞ ወደ 2.4።

ታዲያ የቀረው የት ሄደ? ተጥሏል። ኤምፒ3ን በዋናነት ያዳበሩት በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም ባለሙያዎች ናቸው፤ የፋይሉም ስም እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የተወሰነው። ሐሳባቸው ብልህ ነው። ጆሯችን ሁሉን አይሰማም፤ ከበሮ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ያለ ደካማ ድምፅ ይሸፈናል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ «ይህን ሰው አይሰማውም» ያለውን እየመረጠ ይጥላል ወይም በሻካራው ይጽፈዋል። የሰጣችሁት ቢት ብዙ ከሆነ የሚጥለው በእርግጥ የማይሰማውን ነው። ቢቱ ሲያንስ ግን የሚሰማውንም ለመጣል ይገደዳል። በ128 ብዙ ጊዜ ከ16,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ይቆረጣል፤ ይህን አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም። በ64 ግን ከ11,000 ገደማ በላይ ያለው ይሄዳል፤ የተረፈውም ውኃ ውስጥ እንዳለ ይዋዥቃል።

አሁን መዝሙራችንን አስቡ። በውስጡ ምን አለ? ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ከበሮ፣ አንዳንዴም ማሲንቆ። ለእነዚህ መጭመቂያ ሶፍትዌሮች እጅግ ከሚያስቸግሩት ድምፆች አንዱ ጭብጨባ መሆኑን ባለሙያዎች ሁሉ ያውቃሉ። ሶፍትዌሩ ድምፅን የሚያስበው በአጫጭር ቁራጮች ከፍሎ ነው፤ በቁራጩ መካከል ድንገት የሚመታ ነገር ሲመጣ ስህተቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይረጫል። ስለዚህ እጅ ከመግጠሙ በፊት አንድ የሚያሽካካ ጥላ ይቀድመዋል። የከበሮው ጥፊ ይደነዝዛል። እልልታው እንደ ዘይት መጥበሻ ይንሾካሾካል። የጉባኤ ደስታ የተባለው ነገር በቀረጻው ላይ ቀድሞ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

የባሰው ቃሉ ላይ የሚደርሰው ነው። የእኛ አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ በሚባሉ በሚፈነዱ ድምፆች የተሞላ ቋንቋ ነው፤ እነሱም እንደ ጭብጨባው ቅጽበታዊ ናቸው። ስ እና ሽ ደግሞ ኃይላቸው በላይኛው የድምፅ ክልል ነው። አንዳንድ የቆዩ ስልኮች የሚቀዱት ለጥሪ በተሠራው ጠባብ አቀራረጽ ነው፤ በሰከንድ የሚለኩት 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለ ነገር ፈጽሞ አይገባም። በዚህ ጠባብ በር ስ እና ፍ ይምታታሉ። በስልክ ስም ስናስጽፍ «ስ እንደ ሰላም» እያልን የምንደክመው ለዚህ አይደለም? እንግዲህ «ሠራ» እና «ፈራ» የሚለያዩት በዚያች አንዲት ድምፅ ነው። ጌታ ሠራ ብላችሁ የዘመራችሁትን ሰሚው ጌታ ፈራ ብሎ ቢሰማው ጥፋቱ የማን ነው?

ተቃውሞዎችን አውቃለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው መንፈሳዊ የሚመስለው ነው፤ «ጌታ የሚያየው ልብን ነው፣ የድምፅ ጥራትን አይደለም»። እውነት ነው፣ አሜን። ነገር ግን ፋይሉን የምታዘጋጁት ለጌታ ነው እንዴ? ጌታማ መዝሙሩን እሑድ ዕለት በጸሎት ቤቱ ሰምቶታል። ፋይሉ የተዘጋጀው በዚያ ላልነበረው ሰው ነው፤ በአልጋ ላይ ላለችው እናት፣ ዳባት ላይ አውቶቡስ ለሚጠብቀው ተማሪ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚወለደው ልጅ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ዋሽንትና በገና ድምፃቸው ካልተለየ፣ መለከትም የማይገለጥ ድምፅ ከሰጠ ምን ይጠቅማል በሚል መንፈስ ነው የተከራከረው። የልብ ቅንነት ለሰሚው ግድ አለመስጠትን አይሸፍንም።

ሁለተኛው «በስልክ ድምፅ ማጉያ ልዩነቱ አይሰማም» የሚለው ነው። ይህም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ማጉያው ይለወጣል፣ ፋይሉ አይለወጥም። ዛሬ በስልክ የተሰማው መዝሙር ነገ በኮንፈረንስ በትልቁ ስፒከር ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ በትንሿ ስልክ የተደበቀው ጉድ ሁሉ በአዳራሹ ይጮኻል። የድምፅ ባለሙያው ወንድማችን ቁልፎቹን ቢያዞር ቢያዞር የተጣለውን ሊመልስ አይችልም፤ እኛ ግን «ሚክሰሩ ተበላሽቷል» እንላለን።

ሦስተኛው «ዳታ ውድ ነው፣ ሜሞሪ ይሞላል» ይላል። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚከበር ተቃውሞ ነው፤ በደባርቅ የሚኖር ተማሪ ካርድ ሞልቶ 53 ሜጋባይት ያውርድ አልልም። ትንሹን ላኩለት! የምለው ትልቁን አትደምስሱ ነው። መላክና ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስለ ሜሞሪም እንቁጠር። 100 መዝሙሮች እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ቢሆኑ፣ ምንም ሳይጨመቁ 5.3 ጊጋባይት ገደማ ናቸው። በአንዲት 32 ጊጋባይት ፍላሽ የአንድ መዘምራን ቡድን የዕድሜ ልክ ሥራ ከነተራፊ ቦታው ይገባል። ፍላክ በሚባለው አቀራረጽ ከተቀመጠ ደግሞ መጠኑ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ያውም አንዲት ቅንጣት ሳይጥል፣ ሲፈታ ዋናውን ቢት በቢት እየመለሰ።

ለሚያዳምጡም ልናገር። ሱቅ ገብታችሁ ሜሞሪ ስታስጭኑ «ብዙ ይግባልኝ» ትላላችሁ፤ ባለ ሱቁም ለማስደሰት ያጨቀውን ይጭንላችኋል። በ32 ጊጋባይት ካርድ በ64 ኪሎቢት ከ1,100 ሰዓት በላይ መዝሙር ይገባል። በ192 ሲሆን 370 ሰዓት ያህል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ብታዳምጡ 370 ሰዓቱ ብቻ ከዓመት ያልፋል። ታዲያ 1,100 ሰዓት የታጨቀ ድምፅ ለማን ነው? ይህ ማዳመጥ ሳይሆን ማከማቸት ነው።

አራተኛው ወገን ከወዲያኛው ጫፍ የመጣ ነው። «እኔ ከ320 በታች አልሰማም» ይላል፤ ከዩቲዩብ ያወረደውንም በመቀየሪያ «320» አድርጎ ይኮራበታል። ወንድሜ፣ ዩቲዩብ ድምፁን ቀድሞ ጨምቆታል። ዱቄቱን በትልቅ ጆንያ ብትከተው ገብስ አይሆንም። ያገኘኸው ያው የተጨመቀ ድምፅ በከበደ ፋይል ነው፤ እንዲያውም ዳግም ስለተጨመቀ ከነበረው ጥቂት ተጎድቷል። በጥሩ ሶፍትዌር የተሠራ 192 ወይም 256 ከዋናው ለመለየት ለአብዛኞቻችን ከባድ ነው። ካላመንክ ጓደኛህ የትኛው እንደሆነ ሳይነግርህ ሁለቱን ያጫውትልህ፤ አሥር ጊዜ ገምተህ ስንቱን እንዳወቅህ ቁጠር። ትሕትና በጆሮም በኩል ይገባል።

አንድ ነገር ለዩልኝ፤ መገልበጥና መጭመቅ አንድ አይደሉም። በደርግ ዘመን፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና እንደ ተስፋዬ ጋቢሶ ያሉ ዘማርያን ለዓመታት ሲታሰሩ፣ መዝሙር ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ይገለበጥ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ግልባጭ ሹሹታ ይጨምር ነበር፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። እኛ አለን። ዛሬ ፋይል ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ሺኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። የሚጎዳው ስንቀይረው ብቻ ነው፤ ከኤምፒ3 ወደ ኤምፒ3 ዳግም ሲጨመቅ፣ ቪዲዮ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ አንዱ ስልክ እያጫወተ በሌላው እንደ ድምፅ መልእክት ሲቀዳ። እነርሱ በአደጋ ውስጥ ሆነው የጠበቁትን እኛ በምቾት ውስጥ ሆነን ብንጥለው ምን እንላለን?

ነገሩ ከመዝሙርም ያልፋል። የግጭ መንደር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በከፍታ ላይ ነበር። ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ዝውውሩም እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ስለ ዝውውሩ ትክክለኛነት ልትከራከሩ ትችላላችሁ፤ ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን ሌላ ነው። ከመነሣታቸው በፊት በግጭ ሜዳ በስልክ የተቀዳ የአንድ አባት ትረካ፣ የእረኛ ዋሽንት፣ የአውድማ ጨዋታ በአንዳችሁ ጎረቤት ስልክ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ያ መንደር ዳግም አይቀዳም። ያን ፋይል «ከባድ ነው» ብሎ መጭመቅና ዋናውን መደምሰስ፣ ያለቀ ዘር መፍጨት ነው። የሰው ድምፅ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይበልጥ ይሰማል፤ የኤምፒ3 ሠሪዎች ራሳቸው ሶፍትዌራቸውን ከፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ የአንዲት ሴት ያለ መሣሪያ የተዘፈነ ዜማ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም ድምፅዋ ክፉኛ ተበላሽቶባቸው ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስትቀዱ ስልካችሁ ወይም መቅጃችሁ ከፈቀደ በዋቭ ቅዱ። ዋናውን በዋቭ ወይም በፍላክ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ አንዱ በጸሎት ቤት፣ አንዱ በሰው ቤት፤ ፍላሽ እንደሚጠፋና እንደሚበላሽ አትርሱ። ለማሰራጨት መዝሙሩን በ192 ስቴሪዮ አውጡት፤ ዳታ ለሚያንሰው በ128። ከዚያ በታች አትውረዱ። ስብከትና ትምህርት ግን በ64 ሞኖ በቂያቸው ነው፤ እዚያ ላይ ቦታ ቆጥቡ። አዲስ ቅጂ ስትፈልጉ ሁልጊዜ ከዋናው አውጡ፤ የተጨመቀውን ዳግም አትጨምቁ። በቴሌግራም ስትልኩ ራሱን ፋይሉን ላኩ። በፋይሉም ላይ የመዝሙሩን ርእስ፣ የተቀዳበትን ቀንና ቦታ ጻፉ።

ዳዊት ለዝማሬ አገልግሎት የለያቸው የሠለጠኑ ዘማርያን 288 እንደነበሩ በዜና መዋዕል ተቆጥረው ተጽፈዋል። ዝማሬን በቁጥርና በሥርዓት መያዝ መንፈሳዊነትን አልቀነሰባቸውም። በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ የቡድናችን የመጀመሪያ መዝሙር ዋና ቀረጻ በማን እጅ ነው? መልስ ከጠፋ ልምምዱን ግማሽ ሰዓት አዘግዩትና ፈልጉት። የቆየ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ወደ ሌላ ከተማ በተዛወረ ወንድም ፍላሽ ላይ፣ በመሳቢያ ባለ ሲዲ ላይ ይገኝ ይሆናል። ካገኛችሁት ገልብጡት እንጂ አትቀይሩት።