እግሯ የራሷ፣ ገንዘቧስ የማን?

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አመሸሁ። ድንኳኑ ውስጥ እንደተለመደው ካርታ ይጫወታሉ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ትልቅ ፎቅ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። «የዚያች ሯጭ ነው» አለ አንዱ። «የሷ? የባሏ ነው እንጂ!» አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «ወንድሟ ነው የሚያንቀሳቅሰው ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ ገባበት። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የሮጠችው ሴት ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቅ ብላ በዚያው ጠፋች።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ቦሌ መንገድ ላይ ሕንፃ አቁሞ በባለቤቱ ስም «ዓለም» ሲለው አጨበጨብን። ደግ አደረግን። «ለመሆኑ ገንዘቡን ማን ይዞለት ነው?» ያለ ሰው ግን እኔ አልሰማሁም። ሁላችንም ኦዲተር የምንሆነው ባለገንዘቧ ሴት ስትሆን ነው።

የሰፈር ሐሜት ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። የተማርነውም አለንበት እንጂ! ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ ቀን ከባልደረቦቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። አንዲት አትሌት ከአዲስ መኪና ስትወርድ አየን። «እኛ ሼክስፒርን ተሸክመን በውይይት ታክሲ፣ እሷ ስምንተኛ ክፍልን ጥላ በላንድክሩዘር!» አለ አንዱ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ያው እኔ፣ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ እንባዬን የጠረግሁት ሰው። ሜዳልያው የኛ ነበር፤ መኪናው የሷ ሲሆን ቆረቆረን።

እስቲ እንደ ሥራ እንየው። ጌጤ ዋሚ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. የበርሊንን ማራቶን አሸነፈች። በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24፣ ኒውዮርክ ላይ ሌላ 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ከፓውላ ራድክሊፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። በዚህም የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች የድምር ነጥብ አሸናፊ ሆና 500 ሺህ ዶላር ተሸለመች። ማራቶን የሮጠ ሰው ካወቃችሁ ጠይቁት፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ እንኳ መከራ ነው። እኔ ሰፈር የተወራው ግን «በአንድ ቀን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር!» እየተባለ ነው። ልክ ሎተሪ እንደደረሳት።

ደግሞስ የተወራው ሁሉ መቼ እጅ ይገባል? አሜሪካ ሄዳ 100 ሺህ ዶላር አሸነፈች እንበል። የአገሩ መንግሥት ከውጭ አትሌት ሽልማት ላይ በተለምዶ 30 በመቶ ያስቀራል። ማናጀሩ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ቀረ 55 ሺህ። አሰልጣኙ፣ አብሯት የሚሮጠው አሯሯጭ፣ ማሳጁ ገና ናቸው። ስታረግዝስ? አሊሰን ፊሊክስን የምታህል የኦሊምፒክ ባለድል፣ በወሊዷ ምክንያት ክፍያዋ እንዳይቀነስ ናይኪን ዋስትና ጠይቃ እንደተከለከለች በግንቦት 2011 ዓ.ም. በአደባባይ ጻፈች። ኩባንያው ደንቡን የለወጠው ጉዱ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ እንዲህ ከሆነች፣ ውሉን በማታነበው ቋንቋ የምትፈርመው የበቆጂ ልጅ ምን ልትሆን ነው?

ባል ድርሻ የለውም አላልኩም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል፤ የሱም፣ የሷም። ግን ይኸው ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ ያደርግ የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ሽሮ የመጣ ነው። ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። የጋራ ማለት እሱ የባንክ ደብተሩን፣ እሷ የመሮጫ ጫማዋን ይያዙ ማለት አይደለም። አንድ ባንክ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ቱታ የለበሰች ወጣት ከገዛ ደብተሯ ገንዘብ ልታወጣ ብትጠይቅ፣ ከፋዩ «ባለቤትሽ ያውቃል?» አላት። አሥር የምንሆን ሰዎች ቆመን ነበር። ትንፍሽ ያለ የለም።

ነገሩ በሐሜት ብቻ አያበቃም። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ ጀርመን ላይ የ10 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን በሰበረች በወሩ፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች፤ በግድያው የተከሰሰው ባሏ ነው። ኡጋንዳዊቷ ርብቃ ቼፕቴጌ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በሮጠች በሳምንታት ውስጥ፣ ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ቤንዚን ተርከፍክፎባት ተቃጥላ ሞተች። ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ጋር በቦታ ይጣሉ እንደነበር የአካባቢው ባለሥልጣናት ተናግረዋል። ቦታውን እሷ ነበረች የገዛችው። እዚያም «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። «የባሏ ነው» ያለውን ሰውዬ፣ «የናንተስ ቤት ካርታው በማን ስም ነው?» አልኩት።

«በኔ ነዋ! በማን ሊሆን ኖሯል?»

«ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ከዚያ ሌላኛውን ካርታ ማደል ቀጠለ።