ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ሥውር ድካም

በቤተ ሰብ መካከል የሚነሣው ጠብ ሁሉ ከክፋት የመጣ ይመስለናል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ከደዌ የመጣ ነው። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ያለ ሰው የባልና የሚስት ክስ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ባል «ከወለደች ወዲህ ሰነፈች፤ ከመኝታዬ ራቀች፤ ዳግመኛም አልፀነሰችም» ይላል። ጎረቤትም ዛር ነው፥ የሰው ዓይን ነው እያለ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለው ነገር ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ መታመሙ ነውና፥ ዛሬ ስለ እርሱ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ፒቱታሪ ከአንጎል በታች፥ ከአፍንጫ በስተኋላ፥ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጕድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ዕጢ ነው። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህላል። ትንሽ ቢሆንም ብዙዎቹን ሌሎች ዕጢዎች የሚያዝዝ እርሱ ነው። ሆርሞን የሚባለውን ቅመም በደም ውስጥ እየላከ፥ የአንገት ዕጢ የሰውነትን ሙቀት እንዲጠብቅ፥ ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኃይል እንዲሰጡ፥ የወር አበባ በጊዜው እንዲመጣ፥ ጡትም ወተት እንዲያፈልቅ ያደርጋል። አዛዡ ዝም ያለ እንደ ሆነ ታዛዦቹ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ።

ሴት በፀነሰች ጊዜ ይህ ዕጢ ይተልቃል፤ ስለዚህም ከወትሮው የበለጠ ደም ይሻል። በወሊድ ጊዜ ደም በብዛት ከፈሰሰ ግን ዕጢው ደም አጥቶ ከፊሉ ወይም አብዛኛው ይሞታል። ይህን በ1937 እ.ኤ.አ. አጥርቶ የገለጠው ሃሮልድ ሺሃን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ሆነ ደዌው በስሙ ይጠራል። እናቶች ሁሉ በሐኪም ቤት በሚወልዱበት አገር ደዌው ጥቂት ነው። በእኛ አገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተፈጸመው ወሊድ ከመቶው 26ቱ ብቻ በጤና ተቋም የተፈጸመ ነበር። በ2019ኙ ጥናት ይህ ቍጥር ወደ 48 ከፍ ብሏል። እንግዲህ ነገሩ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም።

የመጀመሪያው ምልክት የአራሷ ወተት አለመምጣቱ ነው። ቀጥሎ የወር አበባዋ ሳይመለስ ይቀራል፤ የብብቷ ጠጕር ይረግፋል፤ ቆዳዋ ይገረጣል፤ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ያዞራታል። ሌላው ሰው በመተሐራ ሙቀት ጥላ ሲፈልግ፥ እርስዋ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ በአንድ ወር አይገለጥም፤ አንዳንድ ጊዜ ከወሊዱ በኋላ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በዚያን ጊዜ ያ መድማት ተረስቷልና ድካሙን ከእርሱ ጋር የሚያገናኘው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ የቤተ ሰቡ ትልቁ ሥራ ማስታወስ ነው። ባል ወይም እናት ከሕመምተኛዋ ጋር ወደ ሐኪም ሲሄዱ፥ «በዚህ ዓመት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ ወተትም አልመጣላትም» ብለው ይንገሩ። ይህ ቃል ዋጋው ብዙ ነው። ሐኪሙ የአንገት ዕጢ መድከሙን ብቻ አይቶ የእርሱን መድኃኒት አስቀድሞ የሰጠ እንደ ሆነ፥ የኵላሊት ላይ ዕጢ ሆርሞን በጐደለባት ሴት ላይ ብርቱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሞጆም ሆነ መቂ፥ ባቱም ሆነ መተሐራ የሚኖር ሰው ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ መጥቶ ሊመረመር ይችላል። ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘውም በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይልካል።

የሞተው የዕጢ ክፍል አይነሣም፤ ጐደሎው ግን በኪኒን ይሞላል። ኪኒኑም ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ፕሬድኒዞሎን የሚባለውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ለሞት ያደርሳል። ትኩሳት ወይም የቈላ ወባ የያዛት እንደ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ በነገራት መጠን ይጨመርላታል፤ ካስመለሳት ግን በመርፌ እንዲሰጣት ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ጠበል የምትጠመቅ ሴት ኪኒኗን አትተው። ስለ ጾም ከነፍስ አባቷ ጋር ትማከር፤ በእስልምናም ለሕመምተኛ ጾሙን ማፍረስ ተፈቅዷል።

ዕጢው ሲሞት ብቻ ሳይሆን እባጭ ሲበቅልበትም ይታመማል። እባጩ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። የማታጠባ ሴት ጡቷ ወተት ቢያፈስ፥ የአዋቂ ሰው ቀለበትና ጫማ እየጠበበው ቢሄድ፥ ወይም በመንገድ ላይ ከጐን የሚመጣው ጋሪና ባጃጅ አልታየው ቢል፥ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ይመርመር። አንዳንዱ እባጭ በኪኒን ይቀንሳል፤ አንዳንዱም በአፍንጫ በኩል በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ደሙን አስቀድሞ መከልከል ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ዴል የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ ከዚሁ ዕጢ የኋላ ክፍል የተገኘው ቅመም ማሕፀንን እንደሚያኰማትር ገለጠ። ዛሬ ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ልጁ እንደ ተወለደ ለእናቲቱ የሚሰጠው ማሕፀኑ ተኰማትሮ ደሙ እንዳይበዛ ነው። ይህ መርፌ በቤት ውስጥ ከምትወልድ ሴት ዘንድ አይገኝምና፥ ነፍሰ ጡር በቤቱ ያለች ሰው ወደ ጤና ተቋም የምትሄድበትን መጓጓዣ ምጡ ሳይጀምር ያዘጋጅ። ከዓመታት በፊት ብዙ ደም ፈሷት ዛሬ የደከመች ሚስት ወይም እኅት ያለችውም፥ ነገሩን ወደ ዳኛ ከማድረሱ በፊት ወደ ሐኪም ያድርሳት። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋልና።