ይቺ ጫጩት የማን ናት?

የዶሮ ነገር በጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቡለቲን ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ።

ቤታችን ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። እናቴ ቀይ የሐበሻ ዶሮዋን 12 ዕንቁላል አስታቀፈቻት። በ21ኛው ቀን 7 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ስድስቱ እንደ እናታቸው ቀላ ያሉ ናቸው። ሰባተኛዋ ግን ጥቁር ሆና፣ አናቷ ላይ ነጭ ምልክት ይዛ ብቅ አለች። ላባ ስታወጣ ደግሞ ነጭና ጥቁር መስመር የተሰመረባት ገብስማ ሆነች።

ሰፈሩ ሁሉ ዳኛ ሆነ። አንዷ «የድሮዋ የሐበሻ ገብስማ ናት» አለች። ሌላዋ «ኧረ ኮኮክ ናት!» አለች። ዶሮ እየዞረ የሚገዛ ነጋዴ ደግሞ አይቷት «ንጹህ ኮኮክ ናት፤ ቄብ ስትሆን እኔ ነኝ የምወስዳት» ብሎ ጥሩ ዋጋ ጠራ። እናቴ ፈገግ አለች።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ገብስማ እኮ የመልክ ስም እንጂ የዝርያ ስም አይደለም። ኮኮክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ውስጥ ከሌሎች ዝርያዎች ተዳቅላ የወጣች ዶሮ ናት። ግብርና የሚማር ጓደኛዬ እንደነገረኝ፣ ንጹህ የኮኮክ አውራ ከቀይ የሐበሻ ዶሮ ጋር ቢገናኝ የሚወለዱት ሁሉ ያንን መስመር ይወርሳሉ። ስለዚህ ላባዋን ብቻ አይቶ «ንጹህ ናት» ማለት አይቻልም።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚነገረን «ምንጭሽ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ትዝ አለኝና እናቴን ጠየቅኋት፦ ዕንቁላሉ ከየት መጣ? ቆጠረችልኝ። 7ቱ የራሳችን ነው፤ አውራችንም ቀይ ነው። 3ቱ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ አውራ ከሌለበት የዕንቁላል እርባታ የመጣ ዕንቁላል ደግሞ ቢታቀፍም አይፈለፈልም። 2ቱ ግን ከጎረቤት የመጣ ነው። ጎረቤታችን ኮኮክ አውራ አላቸው፤ ዶሮዎቻቸው ግን ሁሉም የሐበሻ ቀይ ናቸው። ነገሩ ተፈታ፤ ጫጩቷ ድቅል ናት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ዕንቁላል ብትጥል ነው፤ ነገር ግን ጭራ ትበላለች፣ ታቅፋ ታሳድጋለች። የተሻሻለችዋ ብዙ ትጥላለች፤ መኖና ክትባት ግን ትፈልጋለች። ድቅሏ ከሁለቱም ትወርሳለች፣ ልጆቿም ሁሉ እሷን አይመስሉም። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አምና በዕቁብ ብራቸው 6 «ንጹህ ኮኮክ» ቄቦች ገዙ። ዕንቁላል ሸጠው የልጆቻቸውን ደብተርና ዩኒፎርም ሊገዙ ነበር። መኖው ሄደ፣ ዕንቁላሉ ግን የታሰበውን ያህል አልመጣም። ሻጩ አውቆ ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባት እሱም ላባ አይቶ ነው የሸጠው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይባላል፤ እዚህ የተጣሉት ግን ገዢዋ ናቸው።

የኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው። የሚሸጥ ሰው የዕንቁላሉንና የአውራውን ምንጭ ይናገር፤ የሚገዛም ሳያፍር ይጠይቅ። ድቅል ማለት ነውር አይደለም፤ ድቅልን ንጹህ ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ። እኛም ነገ ዜና የምንጽፍ ልጆች፣ ላባ አይተን ስም የምንሰጥ ከሆነ ከዚያ ነጋዴ በምን እንለያለን?

ነጋዴው ሲመለስ እናቴ እውነቱን ነገረችው። ወዲያው ዋጋውን ቀነሰ። እሷም ወደኔ ዞራ «ይኸው፣ ትምህርትሽ ብር አስከፈለኝ» አለችኝ። ገብስማዋን ግን አልሸጠችለትም። አሁን ዶሮ በምታስታቅፍበት ጊዜ በእያንዳንዱ ዕንቁላል ላይ በከሰል ምልክት ታደርጋለች፦ አንድ መስመር የኛ፣ ሁለት መስመር የጎረቤት።